የኖርንባቸው ቤቶች፦ ስለ አሮጌው ጂዳ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። በዕለቱ ያልተገኛችሁ አባላት ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁን ራሷ ጽፋ ሰጥታናለች።)





ሰብሳቢያችን «ስለ አረብ አገር ኑሮሽ ተናገሪ» ስትለኝ መጀመሪያ እንቢ ብያት ነበር። በዚህ አዳራሽ ስንቶቻችን ስለተከለከለ ደመወዝ፣ ስለተቀማ ፓስፖርት ተናግረናል። እኔም አንድ ጊዜ ተናግሬ፣ አልቅሼ፣ እናንተም አልቅሳችሁ ነበር። ሁለተኛ ማልቀስ አልፈልግም። «ስለ ቤት ብናገርስ?» አልኳት። «የቱ ቤት?» አለችኝ። «የኖርኩበት» አልኳት። «ይሁን» አለች፤ እንዳልገባት ግን ከፊቷ አይቻለሁ።

ነገሩ የተነሣው ከስልክ ነው። በስፌት ክፍላችን ያለች አንዲት ልጅ «እትዬ፣ አንቺ የነበርሽበት አገር እንዲህ ያምራል እንዴ?» ብላ ቪዲዮ አሳየችኝ። የአሮጌው ጂዳ ሰፈር ነው። ግድግዳው ነጭ ሆኗል፣ መንገዱ ታጥቧል፣ ማታ በመብራት ያበራል፣ ቱሪስቶች ፎቶ ይነሣሉ። አንዱ ቤት ላይ ስትደርስ «አቁሚው!» አልኳት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው የእንጨት መስኮት የእኛ መስኮት ነው። በምን አወቅሽው ብትሉኝ፣ ከታች በኩል አንዲት ሳንቃ ቀለሟ ከሌሎቹ ፈካ ያለ ነው፤ አዲስ የተተካች ናት። ለምን እንደተተካች ዓለም ላይ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ እኔ ነኝ። እመጣበታለሁ።

የሄድኩት በ1999 ዓ.ም. በኮንትራት ነው። ስድስት ወር ሠርቼ የአራቱ ወር ደመወዝ ሲቀርብኝ፣ አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ብዬ ወጣሁና በዚያው ቀረሁ። ይህን ዓይነቱን ታሪክ ታውቁታላችሁ፣ አላስረዝመውም። ስልክ የደወልኩላት የሐይቅ ልጅ «ታክሲ ያዢና በለድ በይው» አለችኝ። በለድ ማለት አገር፣ ከተማ ማለት ነው። ጂዳዎች አሮጌውን ሰፈር እንዲያ የሚሉት ድሮ ከተማው እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ዙሪያውን ግንብ ነበረው፤ የመካ በር፣ የሸሪፍ በር፣ አዲሱ በር የሚባሉ በሮች ነበሩት፤ ከበሮቹ ውጪ አሸዋ ነው። ግንቡ የፈረሰው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ዛሬ ያ ሁሉ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የቆመው ከዚያ ወዲህ መሆኑ ነው።

ታክሲው ከዋናው መንገድ በላይ አልገባልኝም። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሴቶች ከነዕቃቸው ቢገናኙ አንዷ ቆማ ታሳልፋለች። ቀና ስል ቤቶቹ አራት አምስት ፎቅ ናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ያዘነበለ ይመስላል። ከየግድግዳው የእንጨት ሳጥን የሚመስል ነገር ወደ መንገዱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ቁም ሣጥን በውጭ በኩል የተሰቀለ ነው የሚመስለው። ግማሹ ተገንጥሎ ተንጋዷል። ፈራሁ። «ይህ ሊወድቅብን ነው» አልኩ። የሐይቋ ልጅ «ከመቶ ዓመት በላይ ሊወድቅ ነው እየተባለ ነው የቆመው፤ ነይ» አለችኝ።

ክፍላችን ሰፊ ነበር፤ የድሮ ባለጸጋ ቤት ስለሆነ። መጀመሪያ አራት ነበርን፣ እየቆየ አሥራ አንድ ደረስን። ከታች የጨርቅ መጋዘን፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የየመን ወንዶች፣ እኛ ሦስተኛው ላይ፣ ከላይ ደግሞ የሱዳን ቤተሰብ። እኔ ቀን ቀን በየሰው ቤት በተመላላሽ አጸዳለሁ፣ ማታ እንጀራ ጋግሬ ለአበሾች እሸጣለሁ።

ያ ሳጥን የመሰለኝ ነገር ሮሻን ይባላል፤ ሲበዛ ረዋሺን። እስቲ እሱን በደንብ ልንገራችሁ፤ እኔ እንደሱ ያለ ብልሃት በየትም ቤት አላየሁም። ከግድግዳው ወጣ ብሎ የተሠራ ከመስኮትም ከመደብም የሆነ ነገር ነው። ወለል አለው፤ ፍራሽ ተነጥፎ ይተኛበታል። ፊቱና ጎኑ ፍርግርግ ነው፤ ትንንሽ እንጨት በእንጨት ላይ የተያያዘ። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ በዚያ ፍርግርግ ይገባል፣ ክፍሉን ያቋርጣል፣ በደረጃው በኩል ወደ ጣሪያ ይወጣል። ወጣ ብሎ ስለተሠራ ለግድግዳውም ለመንገዱም ጥላ ይሆናል። የድሮ ሰዎች የሸክላ ማሰሮ ውኃ ሞልተው ፍርግርጉ ሥር ያስቀምጡ ነበር፤ ነፋሱ ማሰሮውን ሲነካ ውኃው ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱም ቀዝቅዞ ይገባል። ይህንን ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል። መብራት በጠፋ ሌሊት፣ ጂዳ በሐምሌ ሙቀት፣ ማሰሯችን ነው ያሳደረን።

ሮሻኑ የተሠራው የቤቱ ሴቶች ሳይታዩ እንዲያዩ ነው። በጨለማው በኩል ያለ ሰው ብርሃን ላይ ያለውን ያያል፤ ከውጭ ያለው ግን እንጨት ብቻ ነው የሚያየው። ያን ያሰበው አናጢ እኛን አላሰበም። መኖሪያ ፈቃድ የሌለን አሥራ አንድ ሴቶች ግን ሰባት ዓመት የተጠበቅንበት በዚያ ፍርግርግ ነው። ተራ ገብተን እንቀመጣለን፤ ከመንገዱ ጫፍ የፖሊስ መኪና ሲቆም፣ ወርደው በእግር እስኪደርሱ እኛ በጣሪያው በኩል ወደ ጎረቤት ቤት ተሻግረናል።

ስለ ቤቱ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የነበረ ሽማግሌ የመናዊ ግንበኛ ነው። ዓሚ እንለዋለን፤ አጎቴ እንደማለት ነው። እንጀራ ወዶ ነበር፣ በየሁለት ቀኑ ይገዛኛል፤ ሲበላ ደግሞ ማውራት ይወዳል። አንድ ቀን ልስኑ የረገፈበት ቦታ ላይ እጄን ይዞ አስነካኝ። ድንጋዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ የማር እንጀራ ይመስላል። «ይህ ድንጋይ ድሮ በሕይወት ነበር» አለኝ። የኮራል ድንጋይ ነው፤ ከቀይ ባሕር ውስጥ ተቆርጦ የወጣ። እነሱ መንቀቢ ይሉታል። ቀላል ነው፣ ሲቆረጥ አያስቸግርም፣ ሙቀት አያሳልፍም። ግን ደካማ ነው። ስለዚህ በየሜትሩ ገደማ በግድግዳው ውስጥ ርዝመቱን የእንጨት ወራጅ ያጋድማሉ፤ ተካሊል ይባላል። የላዩ ክብደት በእንጨቱ ላይ ተከፋፍሎ ይወርዳል፤ መሬቱ በአንድ በኩል ሲሰምጥም እንጨቱ ትንሽ ይታጠፋል እንጂ ግድግዳው ተሰንጥቆ አይወድቅም። ቤቶቹ ያዘነበሉ የሚመስሉትና የማይወድቁት ለዚህ ነው። በአገራችንም በድንጋዩ መሃል እንጨት እያጋደሙ መሥራት የጥንት ነገር ነው፤ የላሊበላን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ያውቀዋል። ስነግረው ዓሚ በጣም ደስ አለው። «የቀይ ባሕር ሰው አንድ ነው» አለኝ። ምጽዋ የኖራችሁ ካላችሁም በምጽዋ ደሴት ያሉት የድሮ ቤቶች ድንጋያቸውም መስኮታቸውም የእነዚህ ወንድም መሆኑን ታስታውሳላችሁ። በሱዳን በኩል ሱዋኪንም እንዲሁ ነበረች፤ አሁን ፍርስራሽ ናት። ምጽዋም በ1982 ዓ.ም. ጦርነት ብዙ ተጎዳች። እንግዲህ ከዘመዶቹ መካከል ብዙ ቤት የተረፈለት የጂዳው ነው።

አሁን ወደ ሳንቃዋ ልምጣ።

በ2002 ዓ.ም. ኅዳር፣ ለሐጅ ሰሞን፣ ጂዳ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ፤ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በእኛ በኩል ጎርፍ አልወሰደንም፤ ግን ጣሪያው አፈሰሰ፣ መብራት ጠፋ፣ ጋዛችን አልቋል፣ ሱቅ ዝግ ነው። ከመካከላችን አንዷ አራስ ነበረች። ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ገንፎ የለ፣ አጥሚት የለ፣ ልጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ነኝ ቢላዋ አንሥቼ ከሮሻኑ የታችኛውን ሳንቃ የፈነቀልኩት። በአሮጌ የቅቤ ቆርቆሮ ውስጥ አነደድናት። ደረቅ ስለሆነች ቶሎ ያዘች፤ ሽታዋ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። አጥሚቱ ተሠራ፣ እናትየው ጠጣች።

በማግስቱ ዓሚ ሊጠይቀን ወጣ፤ ክፍተቱን አየው። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ወለሉ ላይ ተቀምጦ አመዱን በጣቱ ነካው። «ይህ ቲክ ነው። ከህንድ በመርከብ የመጣ ነው። አያትሽ ሳትወለድ የመጣ ነው» አለኝ። አራሷን አየና ደግሞ «እኔም ብሆን አነደው ነበር» አለ። ሁለቱንም ነው ያለው። እስከ ዛሬ ሁለቱም አብረው ናቸው ከእኔ ጋር።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ሥራ ስለሌለኝ አግዘው ጀመር። የሚከፍለው ሰው የለም፤ ቤቱ በወራሾች ብዛት የተያዘ ነው፤ አንዱ ልሽጥ ሲል ሌላው አይፈርምም፣ ማንም ሳንቲም አያወጣም። እሱ ግን የሚኖርበትን ደረጃ ልስን ራሱ ይጠግናል። ልስኑ ኑራ ነው፤ ያው የእኛው ኖራ፣ ስሙም አንድ ነው። እዚያ የባሕሩን ድንጋይ አቃጥለው ነው የሚያወጡት። በውኃ ይጠፋል፣ ይነፋል፣ ብዙ ቀን ይተኛል፣ ከአሸዋ ጋር ይታሻል። «ሲሚንቶ ብናደርገውስ፣ ይፈጥናል» አልኩት። በዚህ ጊዜ ግን ጮኸብኝ። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ጨዋማ ውኃ ከመሬት በግድግዳው ውስጥ ይወጣል። በኖራ ልስን ሲሆን ውኃው ተንኖ ይወጣል፣ ጨው ልስኑ ላይ ይቀራል፤ ልስኑ ሲበላሽ ይቀየራል። በሲሚንቶ ሲሆን መውጫ ያጣል፤ ጨዉ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ያማረ ግድግዳ ውስጡ ዱቄት ይሆናል። የብዙዎቹ ቤቶች ሞት እንዲህ ነው የመጣው፤ ሰው ልጠግን ብሎ በሲሚንቶ ገደላቸው። ከዚያ የቀረውን ደግሞ የቧንቧ ውኃ፣ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ታንከር፣ በየሮሻኑ ተበስቶ የገባ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ምስጥና እሳት ጨረሱት። እኛም አሥራ አንድ ሴቶች በአንድ ክፍል ልብስ አጥበን ውኃውን ወለል ላይ ደፍተናል፤ ራሴን አላወጣም።

(በነገራችን ላይ፣ የስፌት ክፍላችን የጀርባ ግድግዳ በዝናብ ጊዜ የሚያብጠውና ቀለሙ የሚረግፈው ለምን እንደሆነ ኮሚቴው ሲከራከር ሰምቻለሁ። በጭቃና በድንጋይ የተሠራ አሮጌ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ስለተለሰነ ነው። ሌላ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት አንዲት ሜትር በኖራ ልሞክርላችሁ።)

ቤቶቹን የሠሯቸው ነጋዴዎች ናቸው። ጂዳ የመካ ወደብ ነች፤ ይህ ከኸሊፋው ከዑስማን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ647 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የመካ ሰዎች ወደቡ ሹዓይባ ነበር፤ የነቢዩ ተከታዮች ወደ እኛ ንጉሥ ወደ ነጃሺ ሲሸሹ የተሳፈሩት ከዚያ ነው ይባላል። እንግዲህ ያ ባሕር ዳር መጀመሪያ ያየው ስደተኛ ከዚያ ወደዚህ የመጣውን ነው። የሐጅ ሰሞን ሲሆን የቤቱ ባለቤቶች ወደ ላይኛው ፎቅ ይሰበሰቡና የታቹን ለሐጃጆች ያከራያሉ። ከሁሉም የታወቀው የናሲፍ ቤት ነው። ዑመር ናሲፍ የተባሉ ባለጸጋ ያሠሩት ሲሆን፣ ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1881 ፈጅቷል። ደጁ ላይ የኒም ዛፍ አለ፤ ለብዙ ጊዜ በከተማዋ ውስጥ የነበረው ዛፍ እሱ ብቻ ስለነበር «ዛፍ ያለበት ቤት» ይባል ነበር። ንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ከተማዋን ሲይዙ ያረፉት እዚያ ነው። ደረጃው ሰፊና ዝቅ ዝቅ ያለ ነው፤ ግመል ከነጭነቱ እስከ ላይ ማድ ቤት ድረስ ይወጣበት ነበር ይላሉ።

እዚህ ላይ ነው እኔ ቆም ያልኩት። ማድ ቤቱ ላይ ነው። በብዙዎቹ ቤቶች ጭሱና ሽታው ቤቱን እንዳያውከው ማድ ቤቱ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ጂዳ ደግሞ ውኃ የሌላት ከተማ ነበረች። የዝናብ ውኃ ከየቤቱ ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ይጠራቀማል፤ ከውጭም በአህያና በግመል ይገዛል። የባሕር ውኃ የሚያጣራ መሣሪያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ውኃ በቧንቧ የመጣው በ1947። የናሲፍ ቤት ግመል ነበረው እንበል። ሌላውስ ቤት? አምስት ፎቅ ውኃውን ማን ነበር የሚያወጣው? እኔ ቧንቧችን በተቋረጠ ቁጥር ሃያ ሊትር ጄሪካን ሦስት ፎቅ አውጥቼበታለሁ። የዚያ ደረጃ ድንጋይ መሃሉ ጎድጉዷል፤ በእግር ብዛት። እግሬን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እያስቀመጥኩ ስወጣ የማንን ዱካ እንደምረግጥ የነገረችኝ አንዲት ሴት ናት።

ከወራሾቹ አንዷ ነበረች፤ አሮጊት ናት። በዓመት አንድ ጊዜ በምርኩዝ እየወጣች ቤቱን አይታ ትመለሳለች። ሌሎቹ ወራሾች ኪራይ ሰብሳቢ ነው የሚልኩት። አንድ ቀን እንጀራ ስጋግር ደረሰች፤ ደነገጥኩ፣ ታባርረናለች ብዬ። ምጣዱ አጠገብ ቁጭ አለችና ትኩሱን ቆርሳ በላች። ከዚያ ፊቴን እያየች «ጂደቲ ሐበሺያ» አለችኝ። አያቴ ሐበሻ ነበረች ማለቷ ነው።

እንዴት እንደመጣች ጠየቅኳት። በጀልባ ነው አለች፤ ልጅ ሆና፣ ተሽጣ። ይህን ያለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ግን አልደበቀችኝም። ከምጽዋና ከታጁራ ወደ ጂዳ ስንት ልጃገረድ እንደተሻገረ ታሪክ የሚያውቅ ያውቃል። በነዚያ የነጋዴ ቤቶች ሐበሻ ሴት ያልነበረችበት ጥቂት ነው፤ ገረድም ሆና፣ የልጆች እናትም ሆና። በዚያ አገር ባርነት በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ከእኛ መካከል ያኔ የተወለዳችሁ አላችሁ። የቤቱ ሰዎች ለአያቷ ያወጡላትን ስም አሮጊቷ ነገረችኝ። እናቷ ያወጣችላትን ስም ግን የሚያውቅ የለም። አገሯም «ሐበሽ» ብቻ ነው፤ ወሎ ትሁን ሸዋ፣ ጅማ ትሁን ጎጃም፣ ማንም አልጠየቃትም። አያቷ ትቀመጥ የነበረው ሮሻኑ ላይ ነው አለች፤ ወደ ባሕሩ በኩል።

ስትወጣ በፍርግርጉ ሥር ያለውን ክፍተት አየችው። አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ባለጸጎቹ ወደ አዲሱ ሰፈር ወጡ፤ መኪና የሚገባበት፣ ግቢ ያለው ቤት ሠሩ። ቤቶቹን ለእኛ ዓይነቱ ሰው ተዉት፤ ለየመኑ፣ ለሱዳኑ፣ ለሶማሌው፣ ለሐበሻው። አንዳንድ ሰው «ቤቶቹን ያበላሹት ስደተኞች ናቸው» ይላል። ጥፋታችንን ነግሬያችኋለሁ፣ አልካድኩም። ግን የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሳፋ የሚያስቀምጥ ሰው ያለበት ቤትና ባዶ የተዘጋ ቤት እኩል አይፈርሱም። ጎረቤታችን ተቆልፎ የተተወ ቤት በሁለት ክረምት ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኛው ቆሟል።

በ2006 ዓ.ም. ኅዳር የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመለስን። እኔን ያገኙኝ ከሮሻኑ ጥበቃ ውጪ ነው፤ ደረጃው ላይ፣ ጄሪካን ይዤ። ጄሪካኑን እዚያው አስቀምጬ ወረድኩ። ምጣዴም፣ ልብሴም፣ የሦስት ወር ቁጠባዬም እዚያው ቀረ።

በዚያው በ2006 ዓ.ም.፣ በሰኔ ወር፣ ዩኔስኮ አሮጌውን ጂዳ በዓለም ቅርስነት መዘገበ። እኔ ያን ጊዜ ደሴ እህቴ ቤት ተኝቼ ነበር፤ አልሰማሁም። የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሃምሳ ስድስት ቤቶችን ለመጠገን 50 ሚሊዮን ሪያል ተመደበ፤ በ2021 ደግሞ ስድስት መቶ ያህል ጥንታዊ ቤቶች ያሉበትን ሰፈር በሙሉ የማደስ ሥራ ተጀመረ። አንዳንዶቹ ሙዚየም፣ አንዳንዶቹ የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል። ልስኑም በኖራ መሆኑን ሳይ ለዓሚ ደስ አለኝ። የት እንዳለ አላውቅም።

በዚያ ቪዲዮ ላይ አስጎብኚው ጥሩ አድርጎ ይናገራል። ስለ ነጋዴዎቹ፣ ስለ ሐጃጆቹ፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ቲኩ እንጨት። ደረጃው ጋ ሲደርስ ስለ ግመሉ ተናገረና አለፈ። ልጅቷን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፤ ውኃ ስለተሸከመ ሰው የተባለ ነገር የለም። ተናድጄ አይደለም የምነግራችሁ። አስጎብኚው ያልተነገረውን ከየት ያመጣል? አያቷ ስሟን ለመጻፍ ብዕር አልያዘችም። እኛ ግን ይኸው ማኅበር አለን፣ መሠረተ ትምህርት የተማርነውም እዚሁ ነው፣ ዜና መጽሔትም አለን።

ስለዚህ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ገንዘብ ያዧ ጠረጴዛ ላይ ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተር አለ። ጂዳ፣ ቤይሩት፣ ኤደን፣ የትም የኖራችሁ፤ አንድ ሴት አንድ ገጽ። የደረሰባችሁን በደል ሌላ ቦታ ጽፈነዋል፤ እዚህ ላይ የምጠይቃችሁ ቤቱን ነው። ስንተኛው ፎቅ ነበር፣ መስኮቱ ወደየት ያያል፣ ውኃው ከየት ይመጣል፣ ደረጃው ስንት ነው፣ ማድ ቤቱ የት ነው፣ አንቺስ የት ትተኚ ነበር። ሥዕል መሣል የምትችል ትሣል። መጻፍ የሚከብዳችሁ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ አለሁ፣ እያወራችሁ እጽፍላችኋለሁ። ረጂዎቻችንም ብትሆኑ፣ በመጣችሁ ቁጥር ስለ ስቃያችን ትጠይቁናላችሁ፤ ክፉ አላሰባችሁም። በሚቀጥለው ስትመጡ እስቲ ስለ ደረጃው ጠይቁን።

የመጀመሪያውን ገጽ እኔ ሞልቼዋለሁ። ስለ ሳንቃዋም ጽፌያለሁ።